ቦታውን የሳተ ሉክ

መምህሩን ያገኘችው የቤተ ክርስቲያኑ ጽዳት ሠራተኛ ናት። ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ የመዝገብ ክፍሉን ደረጃ ልትወለውል በጎን በር ስትገባ፣ ሰውየው ከደረጃው ሥር በጀርባው ወድቆ ነበር፤ ጭንቅላቱ ሲሚንቶው ላይ፣ እግሮቹ ገና ሦስተኛው እርከን ላይ። ሴትዮዋ ደንግጣ ባልዲዋን ለቀቀችው። ውሃው ወለሉን ሁሉ ስላጠበው፣ ፖሊስ ሲደርስ የሚታይ ኮቴ ቢኖር እንኳ ተጠርጎ ሄዷል። በዚህ ሴትዮዋን መውቀስ አይቻልም፤ ሬሳ አግኝቶ ባልዲውን ቀስ አድርጎ የሚያስቀምጥ ሰው ካለ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት እሱ ነው።

ሃምሳ አለቃው ነገሩን ባንድ እይታ ጨረሰው። «አደጋ ነው» አለ። «ስልሳ አምስት ዓመት የሞላው ሰው፣ ቀጥ ያለ የእንጨት ደረጃ። ሌላ ምን ይፈለጋል?»

አብራው የመጣችው መርማሪ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ወፈር ያለች፣ ጫማዋ ሁልጊዜ አቧራ የለበሰ ሴት ናት። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «እመት ለምን» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጡላት ሊያሾፉባት ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ሹፈቱ ተረስቶ ስሙ ብቻ ቀረ።

«ለምን በጀርባው ወደቀ?» አለች።

«አዳለጠዋ!»

«ሲወርድ ያዳለጠው ሰው ወይ በፊቱ ይደፋል፣ ወይ እርከኑ ላይ ቁጭ ይላል። ጭንቅላቱ ወደ ታች፣ እግሩ ወደ ላይ ሆኖ የሚንጋለለው ለደረጃው ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ ነው። ፊቱን ወደ ክፍሉ አዙሮ ነበር ማለት ነው።»

ጎንበስ ብላ ካንድ ጆሮው የተንጠለጠለውን መነጽር አወጣችና ዓይኗ ላይ አድርጋ አየችበት። ከደረት ኪሱ ደግሞ ሌላ መነጽር ከነማኅደሩ አገኘች።

«ይሄ የማንበቢያው ነው። የመንገዱ ኪሱ ውስጥ ነው። የማንበቢያ መነጽር አድርጎ አሥራ ሰባት እርከን ሊወርድ የሚነሣ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም። ሊወርድ አልነበረም፤ ለሰው እያነበበ ነበር።»

ሃምሳ አለቃው ቆቡን አወለቀ። ከእሷ ጋር ሲሠራ ቆቡን የሚያወልቅበት ጊዜ ከሚያደርግበት ይበዛል።

እዚያው ኪስ ውስጥ በእርሳስ የተጻፈች ቁራጭ ወረቀት ነበረች። «ሃያ ስድስት ሁለት ሚያዝያ አለው። ሃያ አራት አንድም የለውም። እሑድ ለሁሉም» ትላለች።

«ሰውየው ጤና አልነበረውም እንዴ?» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ጤነኛማ ነበር። ምን ማለቱ እንደሆነ ያልገባን እኛ ነን» አለችና ደረጃውን መውጣት ጀመረች።

ላይኛው እርከን አጠገብ ጠባብ መስኮት አለ። የክፍሉ አምፖል ደካማ ስለሆነ ደቃቅ ጽሑፍ ማንበብ የሚፈልግ ሁሉ መዝገቡን ታቅፎ እዚያ መስኮት ጋ መቆም ግዴታው ነው። ውስጡ እርጥበት የጠጣ ወረቀት ይሸታል። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ስፌታቸው የበሰበሰ የአሮጌ መዝገብ ሉኮች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ላይ የውሃ ነጠብጣብ አለበት። ከእነሱ አጠገብ አረንጓዴ ልባስ ያለው አዲስ መዝገብ ተዘግቶ ተቀምጧል።

መዝገብ ያዡ በሩ ላይ ቆሞ እጁን ያሻሻል። ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ቀጭን፣ እጅጌው ላይ ቀለም የማይጠፋ ሰው ነው።

«እነዚህን የበተናቸው ማነው?» አለች እመት ለምን።

«ሟቹ ራሱ ነዋ። ሦስት ቀን ሙሉ እንደ ካርታ ሲደረድር፣ ሲያፈርስ፣ እንደገና ሲደረድር ነበር። ምን አገኘህ ስለው "አንተ ንገረኝ" ይለኛል። አስተማሪ አይደል! ጡረታ ወጥቶም አልተወውም።»

አረንጓዴውን መዝገብ ከፈተችና ቅጠሎቹን በጣቷ ቆጠረች። መካከሉ ላይ አንድ ሉክ የለም። ጠርዙ ብቻ ቀርቷል። ጠርዙን ወደ መስኮቱ ወስዳ ብዙ ቆየች። አናቱ ላይ የጥፍር ያህል ርዝመት ያለው በስለት የተቆረጠ ቦታ አለ፤ ከዚያ በታች ግን ወረቀቱ እስከ ግርጌው ቀጥ ብሎ የተቀደደ ነው።

«እዚህ ክፍል መቀስ አለ?»

«ኧረ የለም። እርሳስ የምቀርጽበት ምላጭ ብቻ ነው ያለኝ።» ከዚያ የጎደለውን አየና እንደ ሕመምተኛ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «እሱ ገጽ... የነርሷ፣ የሟቹ ታናሽ እህት ክርስትና የተጻፈበት ነው።»

«መዝገቡ ለምን ሁለት ሆነ?»

«ከሃያ ዓመት በፊት ጣሪያው አፈሰሰና አሮጌውን አበላሸብን። ውሃው ከላይ ገብቶ ወደ ታች ነው የሰረገው። ክሩ በስብሶ ሉኮቹ ወለሉ ላይ ተበታትነው አገኘኋቸው። ሰብስቤ ገለበጥኳቸው፤ ስምንት ወር ፈጀብኝ።» ድምፁ ውስጥ ትንሽ ኩራት ገባ። «የድሮው ጸሐፊ ቀለም ቆጣቢ ነበር። ዓመተ ምሕረቱን የሚጽፈው የዓመቱ የመጀመሪያ ልጅ ሲመጣ አንዴ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ለሚመጡት ጭረት ብቻ ያሰምራል፤ እንደ ላይኛው ለማለት። እኔ ግን ሰው እንዳይቸገር ብዬ በየመስመሩ ዓመቱን ሙሉ ጻፍኩት።»

«አሮጌው እስካሁን መኖሩን ማን ያውቃል?»

«እኔ። አናጺው፣ የነርሷ ባል፤ ሣጥኑን ከምድር ቤት ያወጣልን እሱ ነው። ነርሷም ከወንድሟ ሰምታለች። ለሌላው ሰው በስብሶ ተጣለ ነው የምለው። አለዚያማ ሁሉም እየመጣ ሲያገላብጠው ዱቄት ይሆናል።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«ሻይ ቤት። በየቀኑ ከዘጠኝ እስከ አሥር እዚያ ነኝ። ሰፈሩ ሰዓቱን በእኔ ነው የሚሞላው።»

ሰፈሩ ሰዓቱን በእሱ የሚሞላ ከሆነ፣ መምህሩን ብቻውን ማግኘት የፈለገ ሰውም መቼ እንደሚመጣ ያውቃል ማለት ነው።

ነርሷን ያገኘቻት ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ካለው ሆስፒታል፣ ከሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነው። ነጭ ጋዋኗን አላወለቀችም። ዓይኖቿ ቀልተዋል፤ እጆቿ ግን ጸጥ ብለው ጭኗ ላይ ተቀምጠዋል።

«ነፍስ ይማር» አለች እመት ለምን። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«እሱን ባውቅ ወንድሜ አይሞትም ነበር።»

ከዚያ ነገሩን ዘረገፈችው። ጡረታ ልትወጣ ነው። የሆስፒታሉ አስተዳደር የክርስትና ምስክር ወረቀት አምጪ ይላታል። ወረቀቱ ሲመጣ በሃያ ስድስት ዓመተ ምሕረት ክርስትና ተነሣች ይላል። የትምህርት ቤት ካርዷ ግን የተወለደችው በሃያ አራት ነው ይላል። ይህ ለጽሕፈት ስሕተት ሊተው ይችል ነበር፤ የአባቷ ሞት ባይኖር።

«አባቴ የሞተው በሃያ አራት ሰኔ ላይ ነው። መቃብሩ ድንጋይ ላይ ተቀርጿል። በሃያ ስድስት ክርስትና የተነሣች ሕፃን የማን ልጅ ናት? ሒሳቡን እርስዎ ይሥሩት። ስልሳ ዓመት የተጠራሁበትን ስም በአንድ ወረቀት ነጠቁኝ። "ጋሼ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ፈልግልኝ" ብዬ ለወንድሜ ሰጠሁት። መልሱ የፈለገው ይሁን፤ ሳላውቅ መሞት አልፈለግኩም።»

«እናትዎ ምንም አልነገሩዎትም?»

«ምን ብዬ ልጠይቃት? ሲበዛ በሽተኛ ልጅ ነበርኩ፣ እስከ ሦስት ዓመቴ በእግሬ አልሄድኩም አሉ። እሷ ብቻ ናት ከሞት የመለሰችኝ። እንዲህ ያለች እናት ፊት ቆሞ ማን ነው አባቴ ይባላል?»

«ጋሼ ምን አገኘሁ አለዎት?»

«"እሑድ ሁላችሁም ኑ፣ ነገሩ ተፈቷል" ብሎ ላከ፤ በቃ። እሱ እንዲህ ነው። ሒሳብ ሲያስተምረኝ መጀመሪያ የተሳሳተውን መልስ በትልቁ ይጽፍና እንዳምን ያደርገኛል። ካመንኩ በኋላ አንድ ባንድ እያፈረሰ እውነተኛውን ያወጣዋል። ስንት ጊዜ አስለቅሶኛል መሰለዎት! እስኪጨርስ መታገሥ የተማርኩት በልቅሶ ነው።»

«ታላቅ እህትዎስ?»

የነርሷ ፊት ላላ። «እትዬ? ያሳደገችኝ እሷ ናት። ያለበሰችኝ፣ ትምህርት ቤት ያስገባችኝ፣ ለሠርጌ ቀሚሴን የሰፋችልኝ። ልጅ አልወለደችም፤ እኔን ወልዳኛለች። ከእናታችን ጋር ብቻ ነበር የማይስማሙት። እናታችን ስትሞት እንኳ...»

«እንኳ ምን?»

«ይቅር። የቤተሰብ ነገር ነው።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተረኛ ነበረች፤ የሚመሰክሩላት ግን የተኙ በሽተኞች ናቸው። መንገዱን ተሻግሮ ለመመለስ ሩብ ሰዓት ይበቃል። እመት ለምን ይህን በልቧ ይዛ ወጣች።

አናጺው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ይጠግን ነበር። ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ አጭር ነው።

«ትናንት ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል አሉ።»

«ተጣልተናል። ሚስቴ እህል መቅመስ አቁማለች። "ወይ ቁርጡን ንገራት ወይ ተዋት" አልኩት። ሳቀብኝ። "ታገሥ፣ ደስ የሚለው መጨረሻው ላይ ነው" አለኝ። ደሜ ፈላ።»

«ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መዶሻዎ ዝም ብሎ ነበር።»

«ይሄን ደግሞ ማን ቆጠረልሽ?»

«ሻይ ቤት ያለው ሁሉ። መዶሻ ጮኸ ብሎ የሚያማርር ሰው ዝም ሲልም ያውቃል።»

አናጺው ሚስማሩን ከአፉ አወጣ። «ሆስፒታሉ አስተዳደር ሄጄ ነበር። የትምህርት ቤት ካርዷን ተቀበሉና ገላግሏት ብዬ ልለምን። እሷ እንዳትሰማ፤ ታፍርብኛለች።»

የአስተዳደሩ ሰው ተጠየቀ፤ በደንብ ያስታውሰዋል። «ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቆቡን እያጣመመ ቆመብኝ» አለ።

የታላቅ እህት የስፌት ቤት ሁለት ጎዳና አልፎ ነው። ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ጀርባዋ ቀጥ ያለ፣ አንገቷ ላይ ሜትር የተጠመጠመ፣ ከሽርጧ ኪስ መቀስ ብቅ ያለ ሴት። እመት ለምን ስትገባ የኮት ገበር እየለካች ነበር።

«ቁጭ በይ ልጄ። እጄ እየሠራ ብናወራ ቅር አይበልሽ። ሥራ ካቆምኩ አለቅሳለሁ።»

የገበሩን ጫፍ በመቀሷ ጫፍ ቆረጥ አደረገችው፤ ከዚያ በሁለት እጇ ይዛ ሳበችው። ጨርቁ እስከ ታች ቀጥ ብሎ ተቀደደ። እመት ለምን ጨርቁን እያየች ጥያቄዋን ለአፍታ ረሳች።

«ታናሽ እህትዎ ስትወለድ ያስታውሳሉ?»

«አልነበርኩም። በአሥራ ሦስት ዓመቴ ስፌት ልማር ሩቅ አገር አክስቴ ጋ ተላክሁ። የአባቴ ሞት የተነገረኝ እንኳ ከተቀበረ በኋላ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ስመለስ ቤቱ ውስጥ ገና በዳዴ የምትሄድ ልጅ አገኘሁ። ጓሮ ክፍል ደግሞ አንድ ተከራይ፤ እናቴ ሸሚዙን የምታጥብለት።»

«ምን ጠየቁ?»

«በዚያ ዘመን ልጅ ይጠይቃል? ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። ሕፃኗን ግን ወደድኳት። እሷ ምን አጠፋች?»

«ወንድምዎን መቼ ነው ያዩት?»

«ወር አልፎኛል። መልእክቱ ብቻ ነው የደረሰኝ።»

«መዝገብ ክፍሉስ ሄደዋል?»

«ከሠርጌ ወዲህ ያን ደረጃ ረግጬው አላውቅም። በዚህ ጉልበት!»

«ፍለጋውን አልወደዱለትም።»

መቀሱ ጠረጴዛው ላይ ጠቅ ብሎ አረፈ። «ምኑን ልውደደው? እናቴን ከመቃብር አውጥቶ ሰው ፊት ሊያቆማት ነው። የእህቴ ስም ከዳቦ ጋጋሪው መንታዎች ሥር ተዘርግቶ አላፊ አግዳሚው ዓመቱን ሲቆጥርባት እሰይ ልበል?»

«አሮጌው መዝገብ ምን ይላል?»

«እሱማ በስብሶ ተጥሏል።»

እመት ለምን አመስግና ወጣች። መንገድ ላይ ሃምሳ አለቃው ምን እንዳገኘች ሲጠይቃት ፊቷ የቀመሰችው ነገር የመረራት ሰው ፊት ሆኖ ነበር።

ዓርብንና ቅዳሜን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ከሉኮቹ ጋር አሳለፈች። የሟቹን ቁራጭ ወረቀት ፊቷ አስቀምጣ፣ በመጀመሪያ ሚያዝያዎቹን ፈለገች፤ ከዚያ ዓመቶቹን ተወችና የውሃውን ነጠብጣብ ማየት ጀመረች። ቅዳሜ ከሰዓት አውቶቡስ መናኸሪያ ሄዳ አንድ ሾፌር አነጋገረች። ከዳቦ ጋጋሪው መንታዎች አንዱ እሱ ነው።

«ወረቀቱ በሁለት ዓመት አሳንሶኛል» ብሎ ሳቀ። «መንታ ወንድሜንም ጭምር። ሚስቴን ብነግራት "ታዲያ ፊትህ ምን ሆኖ ነው?" አለችኝ።»

እሱ የሳቀበት ነገር ሰው ገድሏል። እመት ለምን ግን ያን አልነገረችውም።

እሑድ፣ መምህሩ ቀጥሮት በነበረው ሰዓት፣ አራቱም መዝገብ ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። ታላቅ እህት የወጣችው ነርሷ ክንዷን ይዛት ነው፤ አሥራ ሰባቱን እርከን ሳታርፍ ጨረሰችው። መዝገብ ያዡ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። አናጺው አልቀመጥም ብሎ ከሚስቱ ኋላ ቆመ። ሃምሳ አለቃው ደረጃው ጋ ሆነ።

«እኔ መምህር አይደለሁም» አለች እመት ለምን። «መልሱን ከመጀመሪያው እናገራለሁ።» ወደ ነርሷ ዞረች። «እርስዎ የአባትዎ ልጅ ነዎት። ክርስትና የተነሡት በሃያ አራት ሚያዝያ ነው፤ አባትዎ በሕይወት ሳሉ፣ ሁለት ወር ቀድሞ። እናትዎ ምንም አላጠፉም፤ እህትዎ ሲመለሱ በዳዴ ያገኙዎትም ታመው ስለነበር ነው።»

ነርሷ አፏን በእጇ ያዘች። ታላቅ እህት ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«ከየት መጥቶ?» አለ መዝገብ ያዡ። «እኔ በእጄ የገለበጥኩት ሃያ ስድስት ነው!»

«ይምጡ፣ ይዩ። ጣሪያው ሲያፈስ ውሃው ከላይኛው ሉክ ጀምሮ ወደ ታች ሰረገ ብለውኛል። ስለዚህ የላይኞቹ ነጠብጣብ ሰፊ ነው፣ ወደ ታች ሲሄድ ይጠባል። የሃያ አራት መጀመሪያ እዚህ ነው፤ ነጠብጣቡ መዳፍ ያህላል። የሃያ ስድስቱ ይኸው፤ ሳንቲም አያክልም። አሁን የነርሷን ሉክ ይዩት። እርስዎ ያስቀመጡት ከሃያ ስድስቱ መካከል ነው። ነጠብጣቡስ?»

መዝገብ ያዡ ጎንበስ አለ። «መዳፍ... መዳፍ ያህላል።»

«ክሩ ሲበሰብስ ሉኳ ወደቀች። ሲያነሷት ሳያውቁ ሁለት ዓመት ወደ ታች አስገቧት። በዚች ሉክ ላይ ደግሞ ዓመተ ምሕረት የለም፤ ከላይ እስከ ታች ጭረት ብቻ ነው። ጭረት እንደ ላይኛው ማለት ስለሆነ፣ ላይኛዋ ስትለወጥ ዓመቱም አብሮ ተለወጠ። እርስዎም ሰው እንዳይቸገር ብለው በየመስመሩ ሃያ ስድስት ብለው ጻፉት። ለዚህ ነው ሃያ ስድስት ሁለት ሚያዝያ ያገኘው፣ ሃያ አራት ደግሞ ሚያዝያ ያጣው። ሟቹ የጻፈው ይህን ነው። የዳቦ ጋጋሪው መንታዎችም እዚያው ሉክ ላይ ናቸው፤ እነሱም ሁለት ዓመት ጎድሎባቸዋል።»

ሽማግሌው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «እዚህ ሉክ ላይ ሃያ ሰው አለ» አለ። «ሃያ ሰው አሳስቼ ኖሬያለሁ።»

«አሳስተዋል፤ አልገደሉም ግን። የገደለው ሰው አዲሱን መዝገብ ቀዶ ሄዷል። አሮጌው ግን እዚሁ፣ በአንድ ክንድ ርቀት ተዘርግቶ ሳለ አልተነካም። ለምን? የሚፈልገው ገጽ እዚያም መኖሩን የሚያውቅ ሰው ሁለቱንም ይወስዳል። መዝገብ ያዡ ያውቃል። አናጺው ሣጥኑን ራሱ ነው ያወጣው። ነርሷም ያውቃሉ፤ ደግሞም ወንድማቸው መጀመሪያ የተሳሳተውን እንደሚናገር ስለሚያውቁ እስኪጨርስ ይታገሡት ነበር። ከእናንተ መካከል አሮጌው ተጥሏል ብሎ የሚያምን አንድ ሰው ብቻ ነው።»

እያንዳንዱ ዞሮ ላለማየት ሞከረ። ሁሉም ግን አየ።

«የተቀደደው ጠርዝ አናቱ ላይ በመቀስ ቆረጥ ተደርጓል፣ ከዚያ በእጅ ተስቧል። ወረቀት እንዲህ የሚቀድ ሰው የለም፤ ጨርቅ ነው እንዲህ የሚቀደደው። ዓርብ ከመድረሱ በፊት ስፌት ቤትዎ ውስጥ አይቼዋለሁ፣ እናቴ። አንድ ነገር ደግሞ ነገሩኝ፤ የእህትዎ ስም ከመንታዎቹ ሥር ነው አሉኝ። አሮጌው ላይ መንታዎቹ የሉኩ ፊት መጨረሻ ላይ ናቸው፤ እህትዎ ከጀርባው አንደኛ ናቸው። መዝገብ ያዡ እንዳሉኝ፣ አንዱ ከሌላው ሥር የሆኑት አዲሱ ላይ ብቻ ነው። አዲሱ የተገለበጠው ከሠርግዎ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። ከሠርጌ ወዲህ እዚህ አልመጣሁም፣ ወንድሜንም ከወር በላይ አላየሁትም ብለውኛል። ታዲያ የት አዩት?»

«እትዬ» አለች ነርሷ። «ሌላ ቦታ ነው ያየሁት በያቸው። እትዬ፣ በያቸው እንጂ!»

ታላቅ እህት ስትናገር ድምፁ ከአንጀቷ ነበር የሚወጣው።

«እንዲተወው ልለምነው ነው የመጣሁት። እሑድ ሰው ፊት እንዳያዋርዳት። መዝገቡን ታቅፎ ወደ መስኮቱ መጣና፣ "ነይ እትዬ፣ አንብቢ፣ ምን ይላል?" አለኝ። አነበብኩት። "አባታችን መቼ ሞተ?" አለኝ። እየሳቀ! "ታዲያ ይህች ልጅ የማን ናት ትያለሽ?" አለኝ። ዝም በል አልኩት። "ቆይ፣ ገና ነው፣ አልጨረስኩም" አለኝ። መዝገቡን ልቀማው ያዝኩት፤ አለቀቀም። ገፋሁት። መዝገቡ እጄ ላይ ቀረ፣ እሱ ሄደ።»

«ከዚያ ሉኩን ቀደዱ» አለች እመት ለምን።

«ቀደድኩ። በላዩ ተሻግሬ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። በቃ፣ ከእንግዲህ ማንም አይነካትም ብዬ...» ወደ ጠረጴዛው ተጠጋችና ያችን የቆሸሸች ሉክ በጣቷ ነካቻት። «ይህን ሊነግረኝ ነበር? ቀጥሎ ሊነግረኝ የነበረው ይህን ነው?»

«አዎ።»

«ስንት ቃል ይቀረው ነበር?»

እመት ለምን በሥራ ዘመኗ ብዙ ነፍሰ ገዳይ አይታለች፤ እንዲህ ያዘነችለት ግን የለም፤ በዚህም በራሷ ተናደደች።

«እናቴ ስትሞት እጇን ዘረጋችልኝ» አለች ታላቅ እህት። «አልያዝኩላትም። ታውቂዋለሽ፣ ለምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ ብዬ ፊቴን አዞርኩባት። ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ ነው የሞተችው። ምንም አላጠፋችም ነበር፣ አይደል?»

«ምንም።»

ሃምሳ አለቃው ቀስ ብሎ ክንዷን ያዘ። ሜትሩ አሁንም አንገቷ ላይ ነበር፤ አናጺው ጠጋ ብሎ አወለቀላት፣ ምን እንደሚያደርገው ግን ጠፋበት። ደረጃው አፍ ላይ ስትደርስ ወደ ነርሷ ዞረች። ፊቷ ላይ ከሁሉም ነገር ሌላ፣ የሚያሳፍር የሚመስል ደስታ ነበረበት።

«ሰማሽ አይደል ልጄ? የአባትሽ ልጅ ነሽ።»

ነርሷ ልትነካት እጇን አነሣችና መልሳ አወረደችው።

«እሱን ጋሼ ነበር የሚነግረኝ» አለች።